«ደህና ሆና ያያችኋት መቼ ነው?» ስትሮክ እና ቤት ውስጥ የሚባክነው ሰዓት

አክስቴ ቡና እያፈላች ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ጀበናው ለቶና ተጥዷል። ረከቦቱ ላይ ያሉትን ስኒዎች ስትሰበስብ አንዷ ከቀኝ እጇ አመለጠች። «ምን ነካኝ» ብላ ሳቀች። ሁለተኛዋን ስታነሳ እሷም ወደቀች። ከዚያ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ከንፈሯ በአንድ በኩል ወረድ ብሏል።

ቤት ውስጥ ስድስት ሰው ነበርን። ስድስታችንም አየን። ጎረቤት ተጠራች። ከሰሉ ዳር ቆይታ የበር ንፋስ ስላገኛት ምች ነው ተባለ። ዳማ ከሴ ከጓሮ ተቀጥፎ መጣ። ታሽቶ አፍንጫዋ ላይ ተያዘላት፣ ጭማቂው ቡና ውስጥ ገብቶ እንድትጠጣው ተሞከረ። ትን አላት። «ትተኛ፣ ላብ ሲወጣላት ይለቃታል» ተባለና ጋቢ ተደራርቦላት ተኛች። ጠዋት ቀኝ እጇም ቀኝ እግሯም አልታዘዝ አሏት።

ሆስፒታል ስንደርስ ረፍዷል። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ወጣት ልጅ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀን ይህን ነበር፦ «ደህና ሆና ያያችኋት መቼ ነው?» እርስ በርሳችን ተያየን። «ትናንት አመሻሽ፣ ቶናው ላይ» አልነው። ጻፈውና ለአፍታ ዝም አለ። ያ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። በጊዜ ብንደርስ ሊሞከር የሚችለው ሕክምና እኛ ዳማ ከሴ ስናሽ፣ ጋቢ ስንደራርብ፣ ተኝታ ስናድር ጊዜው አልፎበታል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ስትሮክ ያገኘሁትን አንብቤያለሁ፣ ሐኪም ወዳጆቼንም ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ሁሌም የሚመለስብኝ ነገር ግን አንድ ነው። ለበሽታው የምንሰጠው ስም የምንሄድበትን ቦታ ይወስናል። ምች ካልነው ወደ ጓሮ እንሄዳለን። መጋኛ ወይም ልክፍት ካልነው ሌላ ደጅ እንጠናለን። ድካም ነው ካልን አልጋ እናነጥፋለን። ስትሮክ ነው ካልን ብቻ ነው መኪና የምንፈልገው።

ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር አካል

አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ነው። ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ገደማውን ለብቻው ይወስዳል። ይህን ሁሉ እየበላ ጎተራ የለውም። ጡንቻና ጉበት ለክፉ ቀን የሚያስቀምጧት ስንቅ አለቻቸው። አንጎል ግን ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖረው። ደም ለሰከንዶች ሲቋረጥበት ሥራ ያቆማል። ለደቂቃዎች ሲቋረጥበት መሞት ይጀምራል።

ስትሮክ ማለት ይኸው ነው። ወደ አንዱ የአንጎል ክፍል የሚሄደው ደም ድንገት ይቋረጣል። መቋረጫው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ መዘጋት ነው። የረጋ ደም ከልብ ወይም ከአንገት ደም ሥር ተነስቶ አንጎል ውስጥ ይወተፋል፣ ወይም እዚያው የጠበበው ደም ሥር ውስጥ ይረጋል። ሌላው መፈንዳት ነው። ለዓመታት በከፍተኛ ግፊት የተደበደበ ቀጭን ደም ሥር ይፈነዳና ደሙ አንጎል ውስጥ ይፈስሳል። በበለጸጉት አገሮች ከ100 ስትሮክ 85 ያህሉ የመዘጋት ዓይነት ነው። አፍሪካ ውስጥ፣ እኛም አገር፣ የሚፈነዳው ድርሻ ከዚያ ከፍ ይላል። ዋናው ምክንያት ሳይታከም የኖረ የደም ግፊት ነው።

ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። አፍ ይጣመማል፣ እጅ ይዝላል፣ ንግግር ይጠፋል። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለተዘጋው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይሰጣል። ያው መድኃኒት ለፈነዳው ቢሰጥ ሊገድል ይችላል። ልምድ ያለው ሐኪም እንኳ በዓይን ብቻ አይቶ በእርግጠኝነት አይለያቸውም። የአንጎልን ውስጥ በምስል የሚያሳየው ሲቲ ስካን የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። «ስትሮክ ከሆነ አስፕሪን ስጧት» የሚል ምክር የሚያስፈራኝም ለዚህ ነው።

ትልቅ ደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ካላገኘ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ስሌት አለ። ይህን ቁጥር ያነበብኩ ቀን ዳማ ከሴው ተቀጥፎ እስኪመጣ የፈጀውን ደቂቃ ሳሰላ አመሸሁ።

ደግነቱ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሞትም። መሃሉ ቶሎ ይሞታል። ዙሪያው ያለው ክፍል ግን ከጎረቤት ደም ሥሮች በምትደርሰው ጥቂት ደም ነፍሱን ይዞ ይቆያል። ሥራ አቁሟል፣ ግን አልሞተም። ለአንዳንዱ ሰው ይህ ጊዜ አጭር ነው፣ ለአንዳንዱ ረዘም ይላል። ሐኪሞች የሚሯሯጡት ለዚያ ክፍል ነው።

የሚታየው ምልክት በተመታው ቦታ ይወሰናል። የግራው አንጎል ቀኙን አካል ያዛል፣ ቀኙ ደግሞ ግራውን። የንግግር ማዕከሉ በአብዛኛው ሰው ላይ በግራ በኩል ነው። አክስቴ ቀኝ እጇና አንደበቷ አብረው የተያዙት ለዚህ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር ምንም መናገር የማይችል ሕመምተኛ ሲሞት አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱ በግራ ፊት ለፊት በኩል እንደሆነ አሳየ። ያ ሰው የሚባለውን አብዛኛውን ይረዳ ነበር። ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ብዙ ነገር ይቀየራል። አክስቴን ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ እንደ ደንቆሮ ይጮኽባት ነበር፣ ወይም አእምሮዋ የሄደ መስሎት አጠገቧ ተቀምጦ ስለ ቀብር ወጪ ያወራ ነበር። እሷ ግን ትሰማ ነበር። እንባዋን ያየሁት እኔ ነኝ።

ቀኙ አንጎል ሲመታ ደግሞ ሌላ የሚገርም ነገር ሊመጣ ይችላል። ሰውየው ግራ በኩል ያለውን ዓለም ይረሳዋል። ዓይኑ ያያል፣ አንጎሉ ግን አያስተውልም። ትሪው ላይ ካለው እንጀራ በቀኙ ያለውን ጠርጎ ይበላና «ወጥ አነሰኝ» ይላል። ትሪውን ስታዞርለት እንደገና መብላት ይጀምራል። ይህን አይቶ «ጃጅቷል» ያለ ቤተሰብ ስንት ይሆን?

ምች መታው

የእንግሊዝኛው ስትሮክ ቃሉ ራሱ ምት ማለት ነው። እኛም «መታው» ነው የምንለው። ምች መታው፣ መጋኛ መታው። ድንገተኛነቱን ሁሉም ሕዝብ አይቶታል። በሽታውም አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የደረሰባቸው ከባድ ስትሮክ ሰውነታቸውንም አንደበታቸውንም ያዘው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 እስኪያርፉ ድረስ ከአራት ዓመት በላይ በአልጋ ላይ ሆነው አገር በሌሎች እጅ ተመራች። ዓድዋን የመሩ ንጉሥ፣ ዙሪያቸውን የውጭ ሐኪም ያልጠፋ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን ግን በየትኛውም ዓለም ሐኪም የሚያደርገው ብዙ ነገር አልነበረም። ዛሬ አለ። እንደዚያ ዘመን ሰው ጋቢ ደራርበን መጠበቃችን የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

የአገር ባህል ሕክምናን ማንቋሸሽ አልፈልግም። ዳማ ከሴ ለጉንፋን እኔም እወስዳለሁ። ጠበልም የብዙዎቻችን እምነት ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ መድኃኒት አቁመው ጠበል ቦታ የሄዱ ብዙ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ያ ንግግር የሰው ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ። ስለ ስትሮክም ከየመቅደሱና ከየመስጊዱ እንዲህ ያለ ቃል ቢነገር እወዳለሁ። ጸሎት አምቡላንስ ውስጥም ይጸለያል። ጠበሉ ነገም ከነገ ወዲያም ይገኛል። ያ ሰዓት ግን አይገኝም።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ፊቱ የተጣመመ ሁሉ ስትሮክ አይደለም። የፊት ነርቭ ብቻውን ሲታመምም ግማሽ ፊት ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሰውየው በዚያ በኩል ግንባሩን መሸብሸብ፣ ዓይኑንም መክደን አይችልም። እጅና እግሩ ግን ደህና ነው። በስትሮክ ጊዜ ግንባር አብዛኛውን ጊዜ ይታዘዛል፣ የታችኛው ፊት ነው የሚወርደው። ብዙ ሰው «ምች መትቶት ዳነ» ሲባል የምንሰማው ያ የነርቭ ሕመም ሳይሆን አይቀርም፣ አብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ስለሚለቅ። ግን ይህን ቤት ውስጥ ተቀምጠን አንለይ። ሐኪም ይለየው።

ቤት ውስጥ ልናደርገው የምንችለው ምርመራ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ጥርስህን አሳየኝ በለው፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል ወይ? ዓይንህን ጨፍነህ ሁለት እጅህን ወደ ፊት ዘርጋ በለው፣ አንዱ ቀስ እያለ ይወርዳል ወይ? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በል በለው፣ ይኮላተፋል ወይ፣ ቃሉ ይጠፋበታል ወይ? ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢገኝ ይበቃል። ድንገት ዓይን ቢጋረድ፣ ድንገት ሚዛን ቢጠፋ፣ በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ ራስ ምታት እንደ መብረቅ ቢወርድበትም ያው ነው። ፊት፣ እጅ፣ ንግግር፣ ከዚያ ሰዓት። ሰዓትህን አይተህ ጻፈው። ያ ወጣት ሐኪም የሚጠይቅህ እሱን ነው።

ስትሮክ ከሌላው አጣዳፊ በሽታ የሚለይበት አንድ ክፉ ጠባይ አለው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ደረቱን የሚቆርጠው ሰው ራሱ ይጮኻል፣ ቤተሰቡም ይደነግጣል። በስትሮክ የተያዘው ግን ዝም ይላል። አንዳንዱ መታመሙንም አያውቅም። «ደህና ነኝ፣ ልተኛበት» ይላል። እንቅልፉ ነው የሚያጠፋው። በተለይ ምልክቱ መጥቶ በ10 ወይም በ20 ደቂቃ ውስጥ ከጠፋ ሁሉም ተመስገን ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሐኪሞች ይህን የሚያልፍ ስትሮክ ይሉታል። ደሙ ረግቶ ዘጋ፣ ከዚያ በራሱ ተለቀቀ። ማስጠንቀቂያ ነው። ዋናው ስትሮክ የመምጣት ዕድሉ ከፍተኛ የሚሆነው ከዚያ ወዲያ ባሉት 2 ቀናት ነው። ያን ቀን ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ልቡም የአንገት ደም ሥሩም ታይቶ መድኃኒት ይጀምራል፣ ብዙዎችም ከዋናው ይተርፋሉ።

አራት ሰዓት ተኩል

እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ድረስ ለተዘጋው ስትሮክ መክፈቻ የሚሆን የተረጋገጠ መድኃኒት አልነበረም። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት የረጋ ደም የሚያሟሟ መርፌ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ብዙ ሰው ያለ ከባድ የአካል ጉዳት እንደሚያገግም አሳየ። በ2008 እ.ኤ.አ. ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ተኩል ተራዘመ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላ በር ተከፈተ። ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ እስከ አንጎል ደርሶ፣ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣት። ይህ ትልቅ ደም ሥር ለተዘጋባቸው ነው። በምስል ተመርጠው ለአንዳንዶቹ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይሠራል። ቁጥሩን አይቶ መዝናናት ግን አይገባም። በመጀመሪያው ሰዓት የደረሰና በአራተኛው የደረሰ እኩል አይድኑም።

ውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህ ሕክምና ደጃችሁ ላይ ነው። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ኤምሬቶች 998፣ ሳዑዲ 997። ልማዳችን መጀመሪያ ለወንድም፣ ለእህት፣ ለጓደኛ መደወል ነው። ጓደኛ ሥራ ላይ ይሆናል፣ መኪና አስነስቶ ከሌላ ከተማ ይመጣል። በግል መኪና ወይም በኡበር የሄደ ሰው ተራ ሊጠብቅ ይችላል። አምቡላንሱ ግን መንገድ ላይ ሆኖ ለሆስፒታሉ ያስታውቃል፣ ሲደርስ የሲቲ ክፍሉ ክፍት ሆኖ ይቆየዋል። ለስልኩ «ስትሮክ» የምትለዋን ቃል ብቻ ተናገሩ። እንግሊዝኛው ወይም ዕብራይስጡ ባይሞላም ያቺ ቃል ትበቃለች።

አገር ቤት ነገሩ ይከብዳል፣ መደበቅ አያስፈልግም። የሚያሟሟው መርፌ ውድ ነው፣ የሚሰጥበትም ቦታ ጥቂት ነው። ቱቦ አስገብቶ ማውጣቱ ከዚያም ያነሰ ነው። ሲቲ ስካን ትልልቅ ከተሞች ላይ ተከማችቷል፣ በየጊዜውም ይበላሻል። ጥቁር አንበሳ የነርቭ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በመላው አገሪቱ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ቁጥራቸው አድጓል፣ ግን ከሕዝቡ ብዛት ጋር አይመጣጠንም። ገጠር ያለ ሰው ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል እየተላከ ሲቲ ያለበት ከተማ ሲደርስ ቀን አልፎታል።

«ታዲያ ሮጠን ብንሄድስ ምን ይገኛል?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ብዙ ይገኛል። ለስትሮክ ሕመምተኛ ለብዙዎች ከሚጠቅሙት ነገሮች አንዱ ጥሩ የነርስ እጅ ነው። የስትሮክ ሕመምተኞችን አንድ ክፍል ሰብስቦ የሠለጠነ ቡድን ሲንከባከባቸው ሞትም የአካል ጉዳትም እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ለዚህ ውድ ማሽን አያስፈልግም። ከመመገቡ በፊት መዋጥ መቻሉን በትንሽ ውኃ መፈተን። ስኳሩን መለካት። ትኩሳቱን ማውረድ። ጀርባው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ። እግሩ ላይ ደም እንዳይረጋ መጠበቅ። ስትሮክ ካደረሰው ጉዳት የተረፈ ብዙ ሰው የሚሞተው ሳንባው ውስጥ በገባ ምግብና ውኃ በሚነሳ የሳንባ ምች ነው። አክስቴን ትን ያላት ያ የዳማ ከሴ ቡና ሳንባዋን አሳምሟት ነበር። ሁለት ሳምንት አንቲባዮቲክ ወስዳለች።

ስለዚህ መኪናው እስኪመጣ ምንም በአፉ አትስጡ። ውኃም፣ ቡናም፣ ኪኒንም። ቤት ውስጥ ያለውን የግፊት መድኃኒት ደርቦ ማዋጥም አይገባም። በስትሮክ ሰዓት ግፊት ብዙውን ጊዜ ከፍ የሚለው ሰውነት በጠበበው መንገድ ደም ለማሳለፍ ሲታገል ነው። በአንዴ ካወረዱት ያ ነፍሱን ይዞ የቆየው ክፍል ሊሞት ይችላል። ማስታወክ ካለ በጎኑ አስተኙት። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። ካልተገኘ ታክሲም መኪና ነው። ስትነሱ ሲቲ ያለበትን ሆስፒታል ጠይቃችሁ ቀጥታ ወደዚያ ሂዱ። ከአንዱ ወደ አንዱ መንከራተቱ ነው ሌላው ሰዓት በላተኛ።

ግፊት ሲነሳ አይታወቅም

ስትሮክ ድንገተኛ ነው እንላለን። ስኒ ሲወድቅ ያየ ሰው እንዲያ ቢል አይፈረድበትም። ግን ብዙው ስትሮክ 10 እና 20 ዓመት ሲዘጋጅ የኖረ ነው። በ32 አገሮች የተደረገ አንድ ሰፊ ጥናት ከ10 ስትሮክ ወደ 9 የሚጠጉት ሊለወጡ ከሚችሉ 10 ምክንያቶች ጋር እንደሚያያዙ አሳይቷል። ትልቁ የደም ግፊት ነው። ስኳር፣ ሲጋራ፣ አልኮል፣ ኮሌስትሮል፣ ያለ እንቅስቃሴ መዋል፣ የልብ ሕመም ይከተላሉ።

በየካቲት 1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብፅ ውስጥ በአንድ የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ከፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኝተው ነበር። ሩዝቬልት ያን ጊዜ ታማሚ ነበሩ። ዓመት ቀደም ብሎ ሐኪማቸው ግፊታቸውን ሲለካ 186/108 አግኝቷል። ከጃንሆይ ጋር ከተገናኙ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ከራሴ ኋላ ከባድ ሕመም ተሰማኝ ብለው ወደቁ። ግፊታቸው 300/190 ሆኖ ነበር። አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በዚያው ቀን ሞቱ። የዓለም ኃያል አገር መሪ ነበሩ። ያን ጊዜ ጨው ቀንስ፣ እረፍ ከማለት ያለፈ እርግጠኛ የግፊት መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ ሩዝቬልት ያላገኙት መድኃኒት በየጤና ጣቢያው አለ። አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከርካሾቹ መድኃኒቶች መካከል ናቸው። የላይኛው ቁጥር በ10 ነጥብ ብቻ ሲወርድ የስትሮክ አደጋ በሩብ ያህል ይቀንሳል።

በ2015 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው ሀገር አቀፍ ዳሰሳ ከ6 አዋቂ አንዱ ገደማ ግፊቱ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። አብዛኞቹ መድኃኒት አልጀመሩም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ የየቤታችንን ወሬ ማዳመጥ ነው። «ግፊቴ ሲነሳ አውቀዋለሁ፣ ራሴን ያመኛል» የሚል አጎት የሌለው ማነው? ግፊት ሲነሳ አይታወቅም። 180 ሆኖ ሰርግ ይጨፈራል። «አንዴ ከጀመርክ ማቆሚያ የለውም» ብሎ መድኃኒቱን የሚፈራም አለ። እውነት ነው፣ ለአብዛኛው ሰው ማቆሚያ የለውም። በሽታውም ማቆሚያ የለውማ። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ጠጥቶ ኪኒኑን የጣለ አለ። ግፊቱ ሲስተካከልለት «ድኛለሁ» ብሎ ያቆመ አለ። አክስቴ ከነዚህ ናት። የተስተካከለው በኪኒኑ ነበር። ካቆመች ሰባት ወሯ ነበር። ያቆመችው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ መዋጥ ከበዳት፣ ለሐኪሟ ብትነግረው ወደ ማታ ያዞርላት ነበር። አልነገረችውም፣ እኛም አልጠየቅናትም። የረመዳን ጿሚም ይኸው ችግር አለበት። መፍትሔውም አንድ ነው፣ ጾሙ ሳይገባ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ማስተካከል።

ጨው ሌላው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እኛ በየቀኑ የምንበላው ከዚያ በጣም ይበልጣል። በርበሬው ውስጥ አለ፣ ሽሮው ውስጥ አለ፣ ወጡ ላይ ይጨመራል። ቡና በጨው የሚጠጣበትም አካባቢ ብዙ ነው። በአንዴ አይተውም። ምላስ ግን በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል፣ ቤታችን አይቶታል።

ወጣቶች ላይ የሚመጣ ስትሮክም አለ። ስለ እሱ የሚወራው ትንሽ ነው። በልጅነቱ ጉሮሮው ደጋግሞ የታመመ፣ ተገቢ ሕክምና ያላገኘ ልጅ የልብ በሮቹ ሊጎዱ ይችላሉ። አገራችን ውስጥ ይህ የልብ ሕመም ብዙ ነው። ልብ ሥርዓቷን ስታ ስትንቀጠቀጥ ውስጧ ደም ይረጋል፣ የረጋውም ወደ አንጎል ይጓዛል። የ25 ዓመት እናት ጡት እያጠባች የምትወድቀው እንዲህ ነው። የልጅ የጉሮሮ ቁስለት በጊዜው በፔኒሲሊን ቢታከም፣ ልቡ የተጎዳም በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ መርፌውን ሳያቋርጥ ቢወስድ ብዙው ይቀራል። ደም ማቅጠኛ የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፣ የደም ምርመራውንም እንዲሁ።

ከሆስፒታል በኋላ

ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ «ከዚህ ወዲያ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ተብሎ ይወጣል። ግን ዋናው ሥራ ያኔ ይጀመራል። አንጎል የሞተውን ሕዋስ አይተካም። ጎረቤቱን ግን ያሠለጥናል። የሚያሠለጥነው በድግግሞሽ ነው። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ይታያል፣ ከዚያም ቢሆን አይቆምም። ሰው ለታማሚዋ ሲያዝንላት እጇን ይዞ ያጎርሳታል፣ ያለብሳታል። ፍቅር ነው፣ ግን እጇን ሥራ ያስፈታዋል። በዛለው እጇ ጎትቶ ማንሳትም ትከሻዋን ያወልቀዋል።

ስለ ሐዘኑም ማንሳት አለብኝ። ከስትሮክ በኋላ ከ3 ሰው አንዱ ያህል በድባቴ ይያዛል። ምግብ እምቢ ይላል፣ ልምምዱን ይተዋል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ቤተሰብ «ተስፋ ቆረጠ» ይላል። ይህም የሚታከም ነው፣ መድኃኒትም አለው። አክስቴ ሦስት ወር እንዲያ ሆና ነበር። ሕክምና ጀምራ በአምስተኛው ሳምንት ነጠላዋን ፈልጋ በእጇ ጠቆመችኝ።

አሁን ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። ግፊቷን በየቀኑ እንለካለን። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብላ፣ እጇን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ፣ ቡና ሳትጠጣ። በከዘራ ትሄዳለች። ቃል ይጠፋባታል፣ ስትናደድ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወጣታል። ፊዚዮቴራፒስቷ ለጣቶቿ ልምምድ የመረጠችላት ሥራ ጥሬ ቡና መልቀም ነው። ሰፌዱ ጭኗ ላይ ይቀመጣል፣ የተበላሸችውን ፍሬ በቀኝ እጇ ብቻ እየለየች ታወጣለች። መጀመሪያ ቀን ሰባት ፍሬ ለቀመች። ላብ አጠመቃት። ባለፈው እሁድ ሰፌዱን ጨረሰችው። ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀባት። ሰዓት የያዝኩት እኔ ነበርኩ።